የንዋይ ሞተር እና የጋሽ ረፊቅ ፍሪጅ

ጁባ ከተማ፣ ሃይ ማላካል የሚባል ሰፈር ውስጥ ጋሽ ረፊቅ የሚባሉ ባለሱቅ አሉ። ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀዝቃዛ ሶዳ ይሸጣሉ። ጁባ ላይ ቀዝቃዛ ነገር መሸጥ ቀልድ አይደለም። የመንግሥት መብራት ደስ ሲለው ይመጣል፣ ሲከፋው ይሄዳል፤ ነዳጅም ሲጠፋ ከነጭራሹ ይጠፋል። ጋሽ ረፊቅ ግን ጣሪያቸው ላይ ሶላር ደርድረው ፍሪጃቸውን በፀሐይ ያሠራሉ። ስለዚህ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር የሚነዳ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጉሮሮው ሲደርቅ የሚቆመው እሳቸው ደጃፍ ላይ ነው። ይጠጣል፣ ጠርሙሱን ይመልሳል፣ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ እብስ ይላል።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገባ ሲወጣ ይውላል እንጂ አንድም የሚቀመጥ የለም። ባለቤታቸው ሺፋ ጅማ ላይ ካረፈች ወዲህ ጋሽ ረፊቅ ከሰው ጋር ቁጭ ብለው የተጫወቱበትን ቀን ማስታወስ ይቸግራቸዋል። ልጃቸው ሀይፋ አዳማ ባሏ ቤት ናት። አርብ አርብ እየደወለች፣ «አባዬ፣ አሁንስ አይበቃህም? ና ግባ እንጂ» ትላቸዋለች። «ሱቁን ለማን ትቼ? ደህና ነኝ እኮ» ይላሉ። ሱቁ ሰበብ ነው። ጅማ ሲሄዱ የሺፋ አለመኖር ከየጓዳው እየወጣ ይጠብቃቸዋል፤ ጁባ ላይ ሺፋ ኖራ ስለማታውቅ አለመኖሯም ያን ያህል አይጮኽባቸውም። እንደዚያ ብለው ነው የቀሩት።

ይሉኝታቸው ደግሞ ጉድ ነው! ሰውን «ና እስኪ አጫውተኝ» ማለት ሞታቸው ነው። አጠገባቸው ያለውን ፀጉር ቆራጩን ሱሌይማንን እንኳ ሲናፍቁት «ይቺን ካርቶን አውርድልኝ» ብለው ነው የሚጠሩት። ካርቶኑ ከወረደ በኋላ ሱሌይማን ወደ ደንበኛው ይሮጣል፤ እሳቸውም ማንም ሳያያቸው ካርቶኑን መልሰው ይሰቅሉታል።

ከሱቁ ጀርባ ጓሮ አለ፤ ጓሮው ውስጥ ሁለት ክፍል። በአንዱ እሳቸው ያድራሉ፣ ሌላውን ንዋይ የሚባል መሐንዲስ ተከራይቶታል። ንዋይ የአንድ የኮንስትራክሽን ድርጅት የኤሌክትሪክ ኃላፊ ነው፤ ጎልማሳ፣ ቀጭን፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሰው። እንደገባ ሰሞን ጧት «ደህና አደሩ»፣ ማታ «ደህና ያምሹ» ይልና በሩን ይዘጋል። ጋሽ ረፊቅ በግድግዳው በኩል የማንኪያውን ድምፅ ይሰማሉ። ብቻውን እንደሚበላ ያውቃሉ፤ እሳቸውም ብቻቸውን ነው የሚበሉት። በመሃል ያለው ግድግዳ ደግሞ እንኳን የሰው የድመት ማስነጠስ የሚያሳልፍ ነው። ግን ማን አንኳኩቶ ይግባ?

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ነዳጅ ከከተማው በጠፋበት ሰሞን፣ ጋሽ ረፊቅ ማምሻውን ከሱቅ ሲመለሱ ንዋይን ጓሮው ውስጥ ተንበርክኮ አገኙት። ከስቴንለስ ብረት የተቆረጡ ሰሌዳዎችን አንድ ላይ ሊያስር ይታገላል። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል።

«ጋሽ ረፊቅ፣ ካላስቸገርኩዎት ይቺን ጫፍ ይያዙልኝ።»

ምን ያስቸግራቸዋል! ተቻኩለው ቁጢጥ አሉና ያዙ። ጉልበታቸው ቋ ሲል ሰሙት፤ ግድም አልሰጣቸው። ንዋይ ቡሎኑን እያጠበቀ ምን እየሠራ እንደሆነ ነገራቸው፤ መንገር ሲጀምር ደግሞ ያ ዝምተኛ ሰውዬ አልቆም አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሌዳዎቹን ኮስቲክ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ነክሮ ከባትሪ ጋር ሲያገናኛቸው ውሃው ይፈላል፤ በሙቀት ሳይሆን በኤሌክትሪክ። አረፋው ሃይድሮጅን ነው። ሃይድሮጅኑ በቱቦ ሄዶ ውሃ በሞላ በርሜል ላይ የተገለበጠ ሌላ በርሜል ሥር ይጠራቀማል። ጋዙ በበዛ ቁጥር የተገለበጠው በርሜል ቀስ እያለ ሽቅብ ይነሣል። ማታ ንዋይ ከሥራ ሲመለስ ጋዙን በቤንዚን ፋንታ ለአንዲት ትንሽ ጀነሬተር ይሰጣታል። ጀነሬተሯ ጓሮውን ታበራለች፣ ባትሪዎቹንም መልሳ ትሞላለች። ጭስ ማውጫዋ ጭስ አታወጣም፤ ውሃ ታንጠባጥባለች። ጋሽ ረፊቅ ጣታቸውን ሰደው ለብ ያለ ውሃ መሆኑን ሲያዩ «ሱብሃነላህ!» አሉ።

«እንግዲያው ነዳጅ የማይገዛ ሞተር ሠራህ በለኛ!»

«የለም ጋሽ ረፊቅ። እሱ እኮ ነው ችግሩ» አለ ንዋይ። «ባትሪው ውሃውን ለመሰንጠቅ ብዙ ያወጣል፤ ጀነሬተሯ የምትመልስለት ጥቂት ነው። የቀረው መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይበተናል። የተፈጥሮ ሕግ ነው፣ ከገባው በላይ አይወጣም። እኔ የምሞክረው የሚባክነውን መቀነስ ብቻ ነው።»

«በየመንገዱ ዘካ ያወጣል ማለት ነው።»

ንዋይ ከት ብሎ ሳቀ። ጋሽ ረፊቅ ሲስቅ ሲሰሙት የመጀመሪያቸው ነበር። «ዘካ ቢሆን ምን ነበረበት! ዘካ ትንሽ ነው። ይሄ ግን ትልቁን ሰጥቶ ትንሿን ነው ለራሱ የሚያስቀረው» አላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ጓሮው ቤት ሆነ። ንዋይ ይፈታል፣ ይገጥማል፤ ጋሽ ረፊቅ የእጅ ባትሪ ያበራሉ፣ ፒንሳ ያቀብላሉ። ከዚያ አብረው ይበላሉ። የሥጋውን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ፤ ንዋይ የእስላም ሥጋ አይበላ፣ ጋሽ ረፊቅ የክርስቲያን ሥጋ አይቀምሱ። ስለዚህ ከናይል የወጣ ዓሣ፣ ምስርና ፉል ሆነ ምግባቸው። «ዓሣን ማንም ባርኮ አያርደውም፣ ብላ» ይሉታል ጋሽ ረፊቅ፣ ትልቁን ቁራጭ ወደ እሱ እየገፉ። በጾም ጊዜ ንዋይ ዓሣውን ሲተው እሳቸውም ይተዉታል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ መግሪብ እስኪደርስ ንዋይ ሳህኑን ሳይነካ ይጠብቃቸዋል። አዛኑ ሲሰማ ቴምሩን እያቀረበ «እንግዲህ ተፈቅዶልናል» ይላል፣ እሱም እንደ ጾመ ሰው። ሚስቱ አዲስ አበባ ላይ ትታው እንደሄደች የነገራቸውም በእንዲህ ያለ ማታ ነው። ለምን እንደሄደች ሲጠይቁት «ቤት ውስጥ እያለሁ የለህም ትለኛለች» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

ሞተሩ ግን አልሠራም። ማለት፣ ይሠራል፤ ባትሪው ግን በየቀኑ ይወርዳል። ንዋይ ማታ ማታ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ ባትሪው ላይ ይደቅንና ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። ሰሌዳ ይቀይራል፣ ቱቦ ይቀይራል፤ ይወርዳል። ሕጉን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው፤ ሆኖም እያወቀ ይናደዳል። በመጨረሻ አንድ ማታ ፒንሳውን ወዲያ ወረወረውና እንዲህ አላቸው።

«ጋሽ ረፊቅ፣ እስከ እሑድ ካልተሻሻለ እፈታዋለሁ። ድርጅቱ ካምፕ ውስጥ አልጋ አለህ እያለኝ ነው፤ ምግቡም እዚያው ነው። በየቀኑ ቦዳ ላይ ተንጠልጥዬ አቧራ እየጠጣሁ የምመላለሰው ለዚህ ሞተር ብዬ ነው።»

ለሞተሩ! ጋሽ ረፊቅ ጉርሻቸውን መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። ለዓሣው አይደለም፣ ለወሬው አይደለም፣ ለእኔም አይደለም፤ ለሞተሩ ነው፣ ሲሉ አሰቡ። ሆድ ባሳቸው። «እንደሚመችህ» አሉት ብቻ፤ ሌላ ምን ይበሉ? አይ ጋሽ ረፊቅ! ያን ቀን «አትሂድብኝ» ብለውት ቢሆን ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሱቁን ለዙሁር ሰላት ዘጉ። ሰግደው ሲጨርሱ በጓሮው በር አሻግረው ባትሪዎቹን አዩ። ከዚያ ጣሪያውን አዩ። ከሶላሩ ወደ ፍሪጁ የሚወርደው ሽቦ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል ጓሮው ድረስ እንደሚደርስ ያውቃሉ፤ ንዋይ ራሱ ነው የዘረጋላቸው። ቀይ ለቀይ፣ ጥቁር ለጥቁር መሆኑንም ያስተማራቸው እሱ ነው። ፍሪጁን ነቀሉ። ሽቦውን ጎትተው የባትሪዎቹ ጆሮ ላይ ቆነጠጡት። እንደ ሌባ ወደ በሩ ዞረው አዩ። «አንድ ቀን ብቻ» አሉ ለራሳቸው። «እስኪጽናና።» ንዋይ ከሥራ ከመመለሱ በፊት ነቅለው ሁሉን ወደ ቦታው መለሱ።

የዚያን ዕለት ጧት ንዋይ አዲስ ሰሌዳ ገጥሞ ነበር የሄደው። ማታ ቴስተሩን ደቀነ። ነቀለና እንደገና ደቀነ። ከዚያ ተነሥቶ ጋሽ ረፊቅን ከመሬት አንሥቶ ሊጥላቸው እስኪደርስ አቀፋቸው።

«አልወረደም! ጋሽ ረፊቅ፣ አልወረደም እኮ! ሰሌዳው ነው! ሰሌዳው ነበር ችግሩ!»

ከሺፋ በኋላ ማንም እንደዚያ አቅፏቸው አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ የተባለው በዚህ ቀረ። በነጋታውም ቀትር ላይ ሽቦውን ጎተቱ፤ በሚቀጥለውም፣ ከዚያም ወዲያ።

መሐንዲስ ሆኖ እንዴት አልጠረጠረም ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። መጀመሪያ ሰሞን «አይሆንም፣ የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ» እያለ ሁሉን ነገር ደጋግሞ ለካ፤ ቴስተሩን ሳይቀር በሌላ ቴስተር ለካው። ሰሌዳውን ጠረጠረ፣ ኮስቲክ ሶዳውን ጠረጠረ፣ ቀስ በቀስ ሕጉን ራሱን መጠርጠር ጀመረ። ዓሣ እያቀረቡ «ብላ እንጂ» የሚሉትን ሽማግሌ ግን እንዴት ብሎ ይጠርጥር?

ምልክት ጠፍቶ አልነበረም። ፀሐይ የምትሰጠው ያው የነበረው ነው፤ ባትሪው ላይ የተጨመረው ከፍሪጁ ላይ መጉደሉ አይቀርም። ሶዳው ለብ አለ። ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ቦዳ ነጂ አንዴ ተጎንጭቶ ፊቱን ያጨማድዳል። ሱሌይማን ምላጩን እንደያዘ ከበሩ ላይ ይጮኻል፦ «ያ ረፊቅ! ሶዳ ማፊ፣ ሶዳ የለም፣ ሻይ ነው የምትሸጥልን? ስኳሩን እኛ እንጨምር?» ደንበኛው ወደ ማዶው ሱቅ መሻገር ጀመረ። አንድ ማታ ንዋይ ራሱ አንድ ጠርሙስ ከፍቶ ተጎነጨና፣ «ፍሪጅዎ ደክሟል መሰለኝ፤ እስኪ ልይልዎ» አላቸው።

ጋሽ ረፊቅ ክው አሉ። «ተወው፣ አርጅቷል። እንደ ባለቤቱ ነው» አሉና ሳቁ። ንዋይም ሳቀ፤ በዚያው ወደ ሞተሩ ዞረ። ለካ ይዞት የቆመው ጠርሙስ እሱ ያጣው ሒሳብ ነበር።

እነዚያ ማታዎች ጥሩ ነበሩ፤ ጥሩ አልነበሩም ብል እዋሻለሁ። ጓሮው ይበራል። ጎረቤት እየመጣ በግንቡ ላይ አንገቱን ያሰግጋል። ጋሽ ረፊቅ ቀን ላይ በሱቁ ሲቀመጡ እንኳ ማታውን እያሰቡ ለብቻቸው ፈገግ ይላሉ። ሀይፋ አርብ ስትደውል «ድምፅህ ተለውጧል አባዬ፣ ምን አገኘህ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

እየቆየ ግን ንዋይ ሌላ ሰው መሆን ጀመረ። ዓሣው ሲቀርብ ስልኩ ላይ ነው። ስለ ሚስቱ አያወራም፣ ስለ ጋሽ ረፊቅ ጉልበት አይጠይቅም። ወሬው ሁሉ ሞተሩ ነው፤ ቁጥሩ፣ ሰሌዳው፣ ዓለም ጉድ እንደሚል። ጋሽ ረፊቅ ፒንሳ ይዘው አጠገቡ ይቆማሉ፤ ፒንሳው ግን ካስፈለገ ቆይቷል። ንዋይ እዚያው ፊታቸው ሆኖ የለም። ያቺ ሴት ያለችው ይሄን ነው፣ ብለው አሰቡ።

አንድ ሐሙስ ማታ በበሩ እየሮጠ ገባ።

«ጋሽ ረፊቅ፣ ጨረስኩ! ስለ ሞተሩ የጻፍኩላቸው የካምፓላ ሰዎች እናየዋለን አሉኝ። ትልቅ ድርጅት ነው፤ መሐንዲሶቻቸውን ሰብስበው ይጠብቁኛል። እሑድ በድንበሩ፣ በኒሙሌ በኩል የሚሄድ መኪና አግኝቻለሁ። ለአለቃዬም ከሰኞ ጀምሮ ሥራ መልቀቄ ነው ብዬ ነገርኩት።»

«ትመለሳለህ?» አሉ ጋሽ ረፊቅ።

«እንግዲህ እዚያ ከሠመረ ምን ይመልሰኛል?» አለ በደስታ፣ ምን እንደተናገረ ሳያስተውል። ከዚያ እጃቸውን ያዘ። «እርስዎ ባይኖሩ አይሆንም ነበር። እውነቴን ነው።»

ጋሽ ረፊቅ እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቅቀው የሚጠበሰውን ዓሣ ሊገለብጡ ዞሩ።

አርብ ጁምዓ ሰግደው ሲወጡ እግራቸው ወደ ሱቅ አልሄድ አላቸው። ንዋይን ለማስቀረት የጎተቱት ሽቦ ንዋይን ጠቅልሎ ሊወስደው ነው። ዝም ቢሉ ይሄዳል። ቢናገሩም ይሄዳል፣ ተቀይሞ። ያው መሄዱ ካልቀረ ዝም ማለት አይሻልም? በፍቅር ይለያዩ ነበር፣ ያቅፋቸው ነበር። ደግሞ ካምፓላ ላይ፣ ባዕድ አገር ሰዎች ፊት፣ ባትሪው ሲወርድ ታያቸው። ንዋይ ቴስተሩን ነቅሎ እንደገና ሲደቅን፣ ሰዎቹ ሲተያዩ፣ አንዱ ሲስቅ። እዚያ ቀትር ላይ ሽቦ የሚጎትት ሽማግሌ የለም። ቅዳሜ ጧት ሱቅ ሲከፍቱ ወስነው ነበር።

ቀትር ላይ ንዋይ ጓሮ ውስጥ ዕቃውን በሳሙና ካርቶን እያሸገ ነበር። ባትሪዎቹ አልተነሡም፤ በርሜሉም እንደቆመ ነው።

«ንዋይ፣ አንዴ ወዲህ እይ» አሉት።

በግድግዳው ቀዳዳ ሽቦውን ጎተቱ። ቀይ ለቀይ፣ ጥቁር ለጥቁር። ከሱቁ ውስጥ የፍሪጁ እንጉርጉሮ ቀጥ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ንዋይ።

«የፍሪጁ ሽቦ ነው። በየቀኑ ቀትር ላይ እንዲህ አደርግ ነበር። አዲሱን ሰሌዳ ከገጠምክ ጀምሮ።»

ንዋይ ሽቦውን በዓይኑ ተከትሎ እስከ ጣሪያው ወጣ፣ ተመልሶ ወደ ባትሪው ወረደ። ቴስተሩን አነሣና መልሶ አስቀመጠው፤ መለካት አላስፈለገውም። ካርቶኑ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«ሶዳው» አለ ቀስ ብሎ። «ሶዳው ለብ ያለው...»

«አዎ።»

«በእጄ ይዤው ነበር እኮ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ተነሣ። «ለሰዎቹ ተናግሬአለሁ ጋሽ ረፊቅ! ሕጉ ትክክል አይደለም ብዬ ለሰዎች ተናግሬአለሁ! እኔ! ሥራ እለቃለሁ ብዬ! ለምን? ምን አደረግኩዎት?»

ጋሽ ረፊቅ መልሱ እዚህ፣ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ግን ያ ክፉ ይሉኝታ መጣና ያዛቸው። አንድ ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ልጅ የዳረ፣ ባለሱቅ፣ ለተከራዩ ምን ብሎ ይናገራል?

«እንዳይከፋህ ብዬ ነው» አሉ።

«እንዳይከፋኝ?» ንዋይ ይሄን ሲሰማ የባሰ ተቃጠለ። «አዘኑልኝ? እንደ ሕፃን እያጫወቱኝ ነበር ማታ ማታ? እኔ ቁጥር እያየሁ ስዘል እርስዎ እዚያ ቁጭ ብለው በሆድዎ...»

«ኧረ በአላህ! እንደሱ አይደለም!»

«ታዲያ እንዴት ነው?»

ንዋይ ትንሽ ጠበቃቸው። መናገር ሲያቅታቸው ሽቦውን ከባትሪው ላይ ነቀለና ሳይወረውር፣ በሥርዓት ጠቅልሎ፣ በቀዳዳው መለሰው። ከውስጥ ፍሪጁ ማጉረምረም ጀመረ። አለቃው የለቀቀውን ሥራ በሽምግልና መለሰለት፤ እሑድ የካምፓላው መኪና ያለ እሱ ሄደ፤ እሱም ልብሱንና ቴስተሩን ይዞ በዚያው ቀን ካምፕ ገባ። ሲወጣ «ደህና ይሁኑ» ብሏቸዋል፣ እንደ መጀመሪያው ሰሞን አንገቱን ደፍቶ።

ሶዳው በረዶ ሆነ። ሱሌይማን «አሁን ገና ሶዳ! ኩወይስ! ጥሩ ነው!» እያለ ይጠጣል። ማዶ የሄደውም ደንበኛ ተመለሰ። ሱቁ ሞቅ አለ፤ ጋሽ ረፊቅ ግን ቅስማቸው ተሰበረ። ማታ ዓሣ ገዝተው ይገቡና ለአንድ ሰው መጥበስ ያስጠላቸዋል፤ ሻይ በዳቦ ጠጥተው ይተኛሉ። በግድግዳው በኩል ማንኪያ አይሰማም። አዲስ ተከራይ ሲመጣ «ተይዟል» እያሉ መለሱ። ሀይፋም «ድምፅህ ደግሞ ምን ሆነ?» አለች፤ «ጉንፋን ነው» አሏት።

ስልኩን ብዙ ጊዜ አንሥተው አስቀምጠውታል። በመጨረሻ አንድ ቀን ደወሉ። ምን ብለው ይመስላችኋል? «የክፍልህ ማብሪያና ማጥፊያ ይነዝራል፤ ብታይልኝ።» ንዋይ ከሥራ በኋላ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልቀረም። ማብሪያውን ፈታው፣ ለካው፣ ገጠመው።

«ምንም አልሆነም፤ ደህና ነው» አለ።

«እንዴት? ጧት ነዝሮኝ ነበር እኮ!» አሉ ጋሽ ረፊቅ፤ ዓይናቸውን ግን ሰበሩ። ንዋይ ዓይናቸውን አየ። እንደገና ሊያሞኙት መሆኑ ገብቶታል። «ልሂድ፣ ካምፑ በር ይዘጋብኛል» አለና ሳይቀመጥ ወጣ። ምንጣፉ ተነጥፎ፣ ሁለት ሳህን ተደርድሮ ነበር። ጋሽ ረፊቅ ያን ማታ አለቀሱ። ማንም አላያቸውም፤ ማን ሊያያቸው?

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ዘገምተኛ ነበር። ዝናቡ ጀመረና መንገዱ ጨቀየ፣ ቦዳም ቀነሰ፣ ሱሌይማንም የፀጉር ቤቱን የቆርቆሮ በር ዘግቶ በጊዜ ገባ። ጋሽ ረፊቅ ከባንኮኒያቸው ጀርባ ተቀምጠው ባዶውን መንገድ ሲያዩ ቆዩ። ገና አልመሸም። ስልኩን አነሡ። ሳያስቡት ደወሉ፤ ቢያስቡት ኖሮ አይደውሉም ነበር።

«አቤት ጋሽ ረፊቅ» አለ ንዋይ። ድምፁ የደከመ ነበር። «አሁን ደግሞ ምን ተበላሸ?»

ጋሽ ረፊቅ አፋቸውን ከፈቱ። ጣሪያው ያፈሳል ሊሉ ነበር። ዝናብ ነው፤ ያምናቸው ነበር። አፋቸውን ዘጉ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው እንደገና ከፈቱት።

«ምንም አልተበላሸም» አሉ። «ብቻዬን ነኝ ንዋይ። ያን ሁሉ ያደረግኩት አዝኜልህ አይደለም፣ ስቄብህም አይደለም። ሞተሩ ከቆመ ትሄድብኛለህ ብዬ ነው። ማታ ማታ ሰው የለኝም።»

በዚያ በኩል የካምፑ ጀነሬተር ከሩቅ ሲያጓራ ይሰማል፤ ስልኩ ግን አልተዘጋም። ጋሽ ረፊቅ ጆሮአቸውን እንደደቀኑ፣ ያለ ዕድሜያቸው እንደ ልጅ አፍረው ጠበቁ።

«ይሄን ያኔ ቢነግሩኝ» አለ ንዋይ በመጨረሻ፣ ድምፁ እየተሰበረ፣ «ሞተሩን እኮ እኔው ራሴ አውጥቼ እጥለው ነበር። አሁን የት ነዎት?»

«ሱቅ።»

«እንዳይዘጉ። ቦዳ እየጠራሁ ነው።»